ዝምታ በስንት ነው?

ሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ ሳልተኛ
ሐረጎን ወጣሁት፣ በጠባብ ሚኒባስ አስራ ሰባተኛ።
ፀጉሬ ላይ የጥጥ ብናኝ፣ ጭኔ ላይ የሰው ዶሮ፤
ዕቁቤ ወጥቶልኛል፣ ልክሰው ነው ይህን ጆሮ።

ቀን ነው የምተኛው። ቀን ደግሞ የሰው ነው፤
አያ ይመር ከግድግዳዬ ጀርባ ብረት ሲቆርጥ ነው የሚውለው።
ለሰው በር ይሠራል፣ የኔን እንቅልፍ በር ነስቶ፤
እንዴትስ ይባላል “ተው”፣ ስድስት ልጅ አፍርቶ።

ደሴ፣ ፒያሳ፣ ከፎቁ ሥር፣ ኑርዬ ሱቅ ገባሁ፤
የተንጠለጠለ ቻርጀር በግንባሬ እየገፋሁ።
ሁለት ሣጥን አወጣ። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ አመድማ።
“እህቴ፣ ጥቁሩን ካደረግሽ፣ ጦሳ ላይ መብረቅ ቢወርድ ማን ሊሰማ!
ዘጠኝ ሺህ ነው። አመድማው ሦስት ሺህ ተኩል፤
ዋጋው ራሱ ይናገራል” አለ፣ ሁለቱን ይዞ እኩል።
ገመድ አልባነቱን፣ ብሉቱዙን፣ የሠላሳ ሰዓት ባትሪውን ዘረዘረው፤
“እሱን ምርቃት አድርገው” አልኩት፤ “ዝምታው በስንት ነው?”

ጥቁሩን አጠለቅኩ። ኑርዬ ቁልፉን ነካ፤
ፒያሳ እልም አለች። ድምፅም እንደ ሻማ እፍ ይባላል ለካ!
ረዳቱ “ሐይቅ! ውጫሌ! ወልዲያ!” ሲል በከንፈሩ አወቅኩት፤
ድምፁን ግን ፈልጌ፣ ፈልጌ አጣሁት።
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እንደ ጥጥ ያርፋል፤
ሊስትሮው ሣጥኑን ሲመታ፣ እጁ አየር ላይ ያልፋል።
“እሰይ!” አልኩ። የራሴን “እሰይ” ከአጥንቴ ውስጥ ሰማሁት፤
ምራቄን ስውጥ፣ ደሜ ሲመላለስ፣ አንድ በአንድ ቆጠርኩት።

ከዚያ ነው የመጣው።

ቀጭን ነው። ረጅም ነው። ጫፍ የሌለው ክር፤
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ኮምቦልቻ፣ በመሸመኛው ሥር፣
መወርወሪያው ሲሮጥ፣ ሲመለስ፣ ደግሞ ሲሮጥ፣
ሳላውቅ የተፈተለ፣ ጆሮዬ ጓዳ የተቀመጠ ጥጥ።
ሲይይ ይላል። የውጪውን ዘጋሁት፤ ይሄ ግን ከውስጥ ነው፤
አያ ይመርን ቀበሌ ይከሱታል፤ ይሄንን የት ነው?

ጡረታ የወጣች ቀን አረጋሽ፣ “ማሽኑ ቤቴ ድረስ ይሸኘኛል” ብላ ነበር፤
ሳቅንባት። ጆሯችንን በጥጥ ወትፈን በእጅ ነበር የምንነጋገር።
ኑርዬ አውራ ጣቱን ቀስሮ “እንዴት ነው?” ይላል፣ አፉ ይፈጥናል፤
እኔ ጋ ግን ፋብሪካው፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ አሁንም ይሸምናል።

አወለቅኩት። “እስቲ ያንን።”

አመድማው ሰነፍ ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ ይተኛል፤
ባጃጁን ከሩቅ፣ ዝናቡን በሹክሹክታ ያመጣልኛል።
ሐይቅ እንደ ትንታ፣ ወልዲያ “ዲያ” ብቻ ሆና ትደርሳለች፤
ያቺ ክርስ? ያቺ ክር ዝናቡ መሃል ትጠፋለች።
አልተበጠሰችም። ሌላ ክር አልፎባት ነው፤
ሸማኔ ያውቀዋል፣ ድሩን የሚደብቀው ማጉ ነው።

“አመድማውን” አልኩት።
ኑርዬ እንደ ሞኝ አየኝ። “ብር ካጠረሽ እንነጋገር፤
ጥቁሩን በስምንት ውሰጂው! ይሄ እኮ ያስገባል የሰው ነገር።”
“ያስገባ።”
“ኋላ እንዳትመልሺው።”
“አልመልስም።” ሦስት መቶ ቀነሰልኝ፣ እያዘነ፤
ለኔ ይሁን ለዕቃው፣ ፊቱ ላይ አልተለየም፣ ለማን እንደሆነ።

ሐረጎ ላይ ጉም ነበር። ቁልቁለቱ ጆሮ ይደፍናል፤
ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ግማሹ ደርሶኛል።
በግማሹ መለስኩላቸው። ደስ አላቸው መሰለኝ።

ቤቴ ገባሁ። አያ ይመር ሥራውን ጀምሯል፤
በአመድማው ስንጥቅ ሲመጣ፣ ብረቱ ዝናብ ይመስላል።
ግድግዳውን በክርኔ ነካ አድርጌ “በርታ!” አልኩት፤
ያቺን ክር፣ ሲያፏጭ በሚውለው መቁረጫው አለበስኩት፣
ተኛሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
መቁረጫው ዝም አለ።
ነቃሁ።